የቆላው መባጃ

ባንቺአየሁ እንስራ ስትገዛ ማንኳኳት ብቻ አይበቃትም፤ ውሃ ሞልታ ከሻጯ ፊት ቁጭ ትልና ጥላው እስኪዞር ትጠብቃለች። «የማያፈስ እንስራ የለም፤ ጊዜ አልሰጡትም እንጂ» ትል ነበር። ሰውንም የምትመዝነው እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት ጠዳ ስትኖር፣ የአዘዞው ሹፌር ዳኛው ሽማግሌ ቢልክባት ሽማግሌዎቹን አንድ ዓመት ሙሉ አመላለሰቻቸው። በዚያ ዓመት ስለ ሰውየው ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም። የነገሯት ሁሉ አንድ ነው፤ አይሰክርም፣ አይጣላም፣ ብዙ አይናገርም። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ያለውን ኑሮውን የሚያውቅ ሞልቷል። ከዚያ በፊት የት እንደነበረ የሚያውቅ ግን አላገኘችም። ራሱን ስትጠይቀው «ማኪና እነዳ ነበር» ብቻ አላት። ይህችን አንዲት ነገር በልቧ ይዛ አገባችው፤ አሥር ዓመት አብረው ሲኖሩም አልረሳቻትም።

በ1951 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የዳኛው ደረት ታፈነ። ብርዱ ገና ሲጀምር ሳሉ ያንቀው ጀመር፤ ደረጃ ሲወጣ ቆሞ ማረፍ አበዛ። ጎንደር ያየው ሐኪም ደረቱን አዳምጦ፣ «ይህ ደረት ብርድ አይችልም። በጋውን ቆላ ወርደው ቢባጁ ይሻልዎታል። የወባው ንዳድ ሲያልፍ ነው ታዲያ» አለው።

ዳኛው ነገሩን ወዲያው ተቀበለው። ጣሊያን ሲሸነፍ መንገድ ዳር ጥሎት የሄደ አንድ የጭነት ማኪና አስጠግኖ አሥራ አምስት ዓመት የአሥመራን መንገድ ሠርቶበታል። አሁን ሞተሩ ደክሞ ጭነት አይችልም። ሊሸጠው አንጀቱ እምቢ ስላለው አናጢ ጠርቶ በጭነቱ ቦታ ላይ ቤት አሠራበት፤ ግድግዳው የዋንዛ ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በአንድ ጎን መስኮት፣ በኋላ በኩል መሰላል። ውስጡ ጠፍር አልጋና የእህል ሣጥን ይይዛል። የአዘዞ ሰው «ዳኛው ቀንድ አውጣ ሆነ፤ ቤቱን ተሸክሞ ሊሄድ ነው» እያለ ሳቀ። የሳቁ ወሬ ከገበያ ገበያ እየተሻገረ የጭልጋዋ አይከል ድረስ ደረሰ።

«የት ነው የምንባጀው?» አለች ባንቺአየሁ።

«ቆላ ነዋ።»

«ቆላ አገር ነው እንጂ ቤት አይደለም። የትኛው ውሃ ዳር? የትኛው ዛፍ ሥር?»

«ሄደን እንመርጣለን።»

«መንገዱን ታውቀዋለህ?»

ዳኛው በእጁ የያዘውን ብሎን አገላበጠ። «ድሮ አልፌበታለሁ» አለ።

ባንቺአየሁ ይህን መልስ አልወደደችውም። አሥር ዓመት ሙሉ አሥመራን፣ አድዋን፣ ደባርቅን ሲያወራ ሰምታለች፤ ወደ ቆላው ስለሚወርደው የጭልጋ መንገድ ግን አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም። ሴት አለች ብላ ጠረጠረች። ምናልባትም ልጅ።

ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ ተነሡ። አይከል ሲደርሱ ማኪናይቱ እንፋሎት ስለተፋች ከአባይነሽ ጠላ ቤት በር ላይ አቆሟትና ገብተው ተቀመጡ። ገና ጠላው ሳይቀዳላቸው አንድ ጠይም፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሚሆነው ሰው ጠመንጃውን በትከሻው እንዳነገተ ገባና ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ መጣ።

«አያ ዳኛው፤ እንኳን ደኅና መጡ» አለ እጅ ነስቶ። «ክንዴ እባላለሁ። የምኖረው ከዚህ ቁልቁል ነው። ለበጋው ቦታ እየፈለጉ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ከእኔ ግቢ የተሻለ አያገኙም ልልዎ ነው የመጣሁ። የጉድጓድ ውሃ አለኝ፤ ለማኪናዎ የሚሆን ጥላም አለኝ። ኪራይ የሚባል ነገር አልቀበልም። እንግዳ በረከት ነው።»

ዳኛው ዋንጫውን በሁለት እጁ ያዘ። «እግዜር ይስጥልኝ። እኛው ዞረን እናያለን» አለ።

«ይዩ፣ ይዩ። መጨረሻ ግን እኔው ዘንድ ይመጣሉ» ብሎ ክንዴ ፈገግ አለና ወጣ። ፈገግታው ዓይኑ ዘንድ አልደረሰም።

ባንቺአየሁ አባይነሽን ወደ ጓዳ ተከትላት ገባች። «እቴ፣ ስሙን ማን ነገረው?»

«እኔስ አልነገርሁም። ያው ቤት የጫነች ማኪና ትመጣለች ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲወራ ነው የሰነበተ። እሱ ደግሞ ስለ ሹፌሩ አብዝቶ ሲጠይቅ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«ዕድሜው ስንት ነው፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ነው ወይ የሚነዳ፣ እያለ።» አባይነሽ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። «ክፉ ሰው አይደለም። ዝምተኛ ነው። ዛሬ ለእናንተ የተናገረውን ያህል በዓመትም ሲናገር አልሰማሁት።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ባንቺአየሁን ከሁሉ ይበልጥ አስጨነቃት። ዝምተኛ ሰው አንድ ቀን ማር ሆኖ ሲመጣ ምን ፈልጎ ነው?

በማግሥቱ ጠዋት ቁልቁለቱን ያዙ። መጀመሪያ የደረሱበት ቦታ ሮቃ ውሃ ይባላል። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ በበጋም የማይደርቅ ጅረት ይፈስሳል፤ ዳሩ ላይ አራት ታላላቅ የሮቃ ዛፎች ቆመዋል፤ መሬቱ ደልዳላ ነው፤ ሣሩ ለስላሳ ነው። ነፋሱ ሙቅ ሆኖ አያቃጥልም። ባንቺአየሁ ወርዳ መሬቱን ረገጠች፤ ውሃውን በእፍኟ ቀድታ አሸተተች፤ ቀመሰች። ትንኝ ፈለገች፤ አጣች። እንከን ስትፈልግ ቆይታ «ሸጋ ነው። እዚሁ እንሁን» አለች፤ ከአፏ ሲወጣ እሷንም ገረማት።

ዳኛው ከመሪው ላይ አልተነሣም። ሞተሩንም አላጠፋም። «አይሆንም» አለ።

«ምነው?»

«ጎርፍ ይመጣል።»

«በኅዳር? ሰማዩን አየኸው? እስከ ሚያዝያ ጠብታ አይወርድ።»

«አይሆንም አልሁሽ። ማኪናው ላይ ውጪ!» ባንቺአየሁ በአሥር ዓመት ውስጥ ሲቆጣ ሰምታው አታውቅም። ላብ በግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። ወጣች፤ በሩን ዘጋች። ግን ዞራ ቦታውን በደንብ አየችው፤ ዛፎቹን፣ ጅረቱን፣ ከዛፎቹ በስተግራ ያለችውን ጎድጎድ ያለች ስፍራ። እዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው ቤት ፈለገች። አንድም ጎጆ የለም። እንዲህ ያለ ውሃ እያለ ሰው ያልሰፈረበት ምነው? ስትል አሰበች።

ያን ቀንና በማግሥቱ ሦስት ቦታ አዩ። አንደኛው ረግረግ ነው፤ ትንኙ በቀን እንኳ ይነድፋል። ሁለተኛው የከብት መንገድ ሆኖ አቧራው ለታመመ ደረት አይመችም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዳኛው ሳል ጀመረው። ሳሉ አልቆም ብሎት መሪው ላይ ተደፋ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ባንቺአየሁ ደረቱን ይዛ ስትጮህ አንድ በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ከኋላቸው ደረሰ። ክንዴ ነበር።

ከኋላ ሲከተላቸው እንደነበረ ገባት። ግን ጊዜው የመጠየቂያ አልነበረም። ክንዴ ዳኛውን በብብቱ ገብቶ አወረደው፤ ውሃ ሰጠው፤ ጀርባውን አሸው። «እታለም፣ ግቢዬ ቅርብ ነው» አለ። «እስኪሻለው ድረስ ብቻ።»

ባንቺአየሁ የባሏን ከንፈር አየችና እሺ አለች።

ግቢው ክንዴ እንዳለው ነው። በእሾህ የታጠረ፣ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ያለው፣ ትልቅ ዋርካ የበቀለበት። ዳኛው በሁለተኛው ቀን መቀመጥ ቻለ፤ በአራተኛው ቀን ሳሉ በረደ። የክንዴ ሚስት ብርነሽ ወተት ታመጣለች፤ የማሽላ ገንፎ ታመጣለች፤ አስቀምጣ ቶሎ ትሄዳለች። ክንዴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከዋርካው ማዶ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ዳኛውን ያያል። ፊቱን አይደለም፤ እጁን ነው የሚያየው። መሪ የያዘበትን እጅ።

በአምስተኛው ቀን ክንዴ መጣና፣ «አያ ዳኛው፣ ጎማው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ማኪናውን በድንጋይ አንሥተን ጎማውን ብንፈታው አይሻልም? ጥላ ውስጥ አስቀምጥልዎታለሁ» አለ።

ዳኛው መልስ ሳይሰጥ ባንቺአየሁ ጣልቃ ገባች። «ጎማው እንዳለ ይሁን። እግር የሌለው ቤት አልወድም።»

ክንዴ ቀና ብሎ አያት፤ እንዳይሄዱ ማሰቡ እንደገባት ገባው።

ከሰዓት በኋላ ብርነሽ ውሃ ልትቀዳ ስትመጣ ባንቺአየሁ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠበቀቻት። ገመዱን ይዛ አብራት እየሳበች፣ «እቴ፣ እንደ እኅት ልጠይቅሽ» አለች። «ባልሽ ከባሌ ምን ይፈልጋል? ሴት ነው? እኅቱ ናት?»

ብርነሽ ግራ ገባት። «የምን ሴት?»

«እንግዲያ ደም ነው?»

ገመዱ በብርነሽ እጅ ላይ ቆመ። ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታላቅ ወንድሙ አለነ ይባል ነበር። በጣሊያን ጊዜ ለአርበኞች ደብዳቤ ያደርሳል ብለው ያዙት፤ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ነው። ሌሎች ሰባት ሰዎችም ይዘው ስምንቱን በማኪና ጫኗቸው። በዚህ ቁልቁለት ወረዱ። ማኪናይቱ ባዶዋን ተመለሰች። ክንዴ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ መንገድ ዳር ቆሞ አይቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ የድሮ ሹፌር መጣ በተባለ ቁጥር ይወጣል፤ ስሙን ይጠይቃል። በዚያ ጊዜ እዚህ ጦር ሰፈር የሚነዱ ሁለት አበሾች እንደነበሩ ነግረውታል። አንዱ ሞቷል።»

«ሁለተኛውስ?»

ብርነሽ ወደ ማኪናይቱ ቤት አየች።

ባንቺአየሁ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች። ዳኛው መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ከፊቱ ቆመች።

«ሮቃ ውሃ ላይ ምን አለ?»

«ምን?»

«ጎርፍ ይመጣል ያልከኝ ቦታ። ያ ላብ ያጠመቀህ ቦታ። ምን አለ እዚያ?»

«ባንቺ…»

«አሥር ዓመት የደበቅኸኝን ነገር ሴት ናት እያልሁ ስጠረጥር ነበር። ሴት በሆነች! ስምንት ሰዎች በጣሊያን ማኪና ጭነህ ወርደሃል አልወረድህም?»

ዳኛው ሲናገር ለእሷ ሳይሆን ለእግሩ የሚናገር ይመስል ነበር። «ወርጃለሁ። የት እንደምንሄድ አልነገሩኝም። ሰዎቹ ታስረው ከኋላ ተጭነዋል። ከአጠገቤ የጣሊያኑ መቶ አለቃ ተቀምጧል። ሮቃ ውሃ ስንደርስ ቁም አለኝ። ሞተሩን እንዳላጠፋ አዘዘኝ፤ ድምፁ ተኩሱን እንዲሸፍን ነው። እኔም አላጠፋሁም። እግሬን ነዳጅ መስጫው ላይ አድርጌ ቁጭ አልሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ሲመለሱ ወታደሮቹ ብቻ ነበሩ። ሌላ ምን ልንገርሽ? አልገደልሁም። ግን ሞተሩን ያጮህሁ እኔ ነኝ።»

«ቦታውን ታውቃለህ?»

«ከዛፎቹ በስተግራ ነው። አየሽው እኮ፤ ጎድጎድ ያለችው።»

ባንቺአየሁ ማኪናው ጎማ ላይ ተደገፈች። የሚደብቀው ነገር አለ ብላ ይኸን ያህል ዓመት የያዘችው ጥርጣሬ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ግን ምንም አላስደሰታትም። «ለክንዴ ትነግረዋለህ» አለች።

«ይገድለኛል።»

«ሊገድልህ ይችላል። ዝም ካልህ ግን እኔ በእግሬ ወደ ጠዳ እመለሳለሁ፤ አንተ ቤትህን ተሸክመህ ብቻህን ዙር።»

ከመናገሩ በፊት ግን አንድ ነገር ልታደርግ ወሰነች። ከግቢው ብዙም ሳይርቅ ከምትገኘው ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሐብተ ማርያምን ለምና አመጣች፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አገሩ ሁሉ ያከብራቸዋል። ነገሩን በመንገድ ላይ ነገረቻቸው። ግቢው ሲደርሱ ክንዴ ጠመንጃውን ይወለውል ነበር።

«ልጄ ክንዴ» አሉ ቄሱ፣ «ይህች ሴት ወንድምህ የወደቀበትን ቦታ የሚያሳይህ ሰው አለ ትላለች። ከማሳየቱ በፊት ግን በደሙ ምክንያት እጅህን እንዳታነሣበት መስቀሉን ይዘህ ማል።»

ክንዴ ተነሣ። ዳኛው ከመሰላሉ ወርዶ ቆሟል። ሁለቱ ተያዩ። ክንዴ ወደ መስቀሉ እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካው መለሰው።

«አልምልም» አለ።

ባንቺአየሁ በባሏ ፊት ገብታ ቆመች።

«ምነው ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ልቤን አላውቀውማ። ሃያ አንድ ዓመት ይህን ሰው ሳገኘው ምን እንደማደርገው ሳስብ ኖርሁ። አንዳንድ ቀን እገድለዋለሁ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ጠይቄ ብቻ እለቀዋለሁ እላለሁ። አጥንቱን ሳየው ምን እንደምሆን እንዴት አውቄ እምላለሁ? በሐሰት ብምል ወንድሜን ባገኘው ምን ይጠቅመኛል?»

ቄሱ መስቀሉን ዝቅ አደረጉ። ዳኛው ወደ ማኪናው መለስ ማለት ጀመረ። ባንቺአየሁ ግን ክንዴን ትኩር ብላ አየችው። ከአይከል ጀምሮ የጠረጠረችው ሰው ነው። ማር የሆነ ንግግሩን፣ የነጻ ቦታውን፣ የጎማውን ነገር፣ አንዱንም አላመነችውም ነበር። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፈገግታ ሲናገር ሰማችው። የሚፈልገውን ነገር በአንድ ቃል ሊያገኘው ሲችል ቃሉን ያልሰጠ ሰው ነው። ለመማል የቸኮለ ቢሆን ኖሮ ባሏን ይዛ በዚያው ሰዓት በወጣች።

«ይህ ሰው አይዋሽም» አለች። «እንሂድ። ጠመንጃህን ግን ለብርነሽ ስጣት።»

ክንዴ ጠመንጃውን ለሚስቱ ሰጣት። ከወገቡ ያለውን ጩቤም ሳይጠይቁት ፈትቶ ጨመረላት። «ዶማ ግን እይዛለሁ» አለ። ዶማም ገዳይ ነው፤ ባንቺአየሁ አሰበችው።

ዳኛው ማኪናውን ነዳ። ቄሱና ክንዴ የኋላው መሰላል ላይ ተቀመጡ። ሮቃ ውሃ ሲደርሱ ዳኛው ሞተሩን አጠፋ። ጅረቱ ብቻ ይሰማል። ወረደ፤ ከአራቱ ዛፎች በስተግራ አሥር እርምጃ ያህል ሄደና «እዚህ ነው» አለ። ወደ ኋላ ግን አላለም፤ እዚያው ቆመ።

ክንዴ ቆፈረ። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ፀሐይዋ ስትዘነብል የመጀመሪያው አጥንት ወጣ። ክንዴ ዶማውን ጣለና በእጁ መጫር ጀመረ። ባንቺአየሁ ዶማው ከወደቀበት ሄዳ ቆመችበት፤ እግሯን እንጨቱ ላይ አደረገች። ቄሱ ፍትሐት ይደግማሉ። የራስ ቅሎቹን ሲቆጥሩ ስምንት ሆኑ። ከስምንቱ የትኛው አለነ እንደሆነ የሚለይ ነገር ግን አልተገኘም። ጨርቁ በስብሷል፤ የአንገት ክሩ በስብሷል። ክንዴ አንዱን ያነሣል፣ ያያል፣ ያስቀምጣል፤ ሌላውን ያነሣል። በመጨረሻ ስምንቱን በሙሉ በአንድ ነጠላ ላይ ሰብስቦ እንደ ሕፃን አቀፋቸው።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዳኛው መጣ። ባንቺአየሁ ዶማውን በእግሯ አጥብቃ ረገጠች። ክንዴ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ «ምን አለ? ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አለው። «እርስዎ» ማለቱ ቀርቶ «አንተ» ሆኗል። «አልሰማህም? ከማኪናህ አጠገብ ነው እኮ የሞተው!»

«አልሰማሁም» አለ ዳኛው። «ሞተሩን እያጮህሁ ነበር።»

ክንዴ በጥፊ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ዳኛው እጁን አላነሣም። ክንዴ የመታበትን የራሱን እጅ አየ፤ ፊቱን አዙሮ ሄደና ከነጠላው አጠገብ ተቀመጠ፤ ያኔ ነው ያለቀሰው።

ስምንቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ በቄስ ሐብተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በአንድ ላይ ተቀበሩ። ከአይከልና ከአካባቢው ብዙ ሰው መጣ። ዳኛው ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ነበር፤ ግባ ያለው የለም፤ ሂድም ያለው የለም።

ከቀብሩ ማግሥት ክንዴ ወደ ማኪናዋ መጣ። «እንዲህ ነው» አለ ባንቺአየሁን እያየ። «ልገድለው አልሻም። ግን በየጠዋቱ ከደጄ ላየው አልችልም። ሌላ ቦታ ፈልጉ።»

«ልክ ነህ» አለችው።

እንዲህ ሆኖ መምረጥ እንደገና ተጀመረ። በዚህ ጊዜ የመረጠችው ባንቺአየሁ ናት። ያገኘችው ቦታ ጥላ የሌለው፣ ድንጋያማ፣ ጠፍጣፋ ኮረብታ ነው። ከንዳዱ ከፍ ያለ ነው፤ ነፋሱ ደረቅ ነው። ማንም እዚያ አልሞተም፤ ከሦስት ሰው ጠይቃ አረጋግጣለች። የጎደለው ውሃ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብርነሽ አህያዋን እየነዳች መጣችና የክንዴን መልእክት ነገረቻት። «ከጉድጓዴ ሴትዮዋ ትቅዳ ብሏል። እሱ ግን አይምጣ።» ባንቺአየሁ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እየዘለለች ትቀዳ ጀመር። ክንዴ ካገኛት ገመዱን ይስብላታል፤ ስለ ባሏ ጤና አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

የዳኛው ሳል በጥር ጠፋ ማለት ይቻላል። ከዚያ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የመጣው ከአለነ ጋር ከወደቁት ሰባቱ የአንዱ ልጅ ነው፤ አባቱ የተቀመጠው በማኪናይቱ በየትኛው በኩል እንደነበረ ሊጠይቅ። ዳኛው ያስታውስ ስለነበር ነገረው። ሌሎችም መጡ፤ አንዳንዶቹ ይሰድቡታል፣ አንዳንዶቹ ቁጭ ብለው ያዳምጡታል። ባንቺአየሁ ለሁሉም ቁርበት ታነጥፋለች፤ ራሷ ግን መሰላሉ ላይ ተቀምጣ የባሏን እያንዳንዱን ቃል ትመዝናለች። ስለ ሮቃ ውሃ የነገራት ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ያልነገራት እንደማይጠፋ ታስብ ነበር።

በየካቲት አንዲት እርጅና ያጎበጣት ሴት በዱላ እየተደገፈች ኮረብታውን ወጣች። ትርንጎ ትባላለች። ከስምንቱ የሁሉ ታናሽ፣ ሰጠኝ የሚባለው፣ የእሷ ልጅ ነበር። ቁርበቱ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ልጄ ውሃ ጠይቆ ነበር?» አለች።

ዳኛው ራሱን ዝቅ አደረገ። «ሁሉም ጠይቀዋል፣ እማማ።»

«ሰጠሃቸው?»

ባንቺአየሁ ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም። አንዲት አዎን ብትወጣው አሮጊቷ ተጽናንታ ትሄዳለች፤ የሚያውቅበትም የለም። እሷም ብትሆን አታውቅም። ይዋሻል ብላ እርግጠኛ ሆና ጠበቀች፤ እንዲያውም በዚያች ደቂቃ ቢዋሽ ይቅር የምትለው መሰላት።

«አልሰጠሁም» አለ ዳኛው። «ኮዳው እግሬ ሥር ነበር። ፈራሁና አልሰጠሁም።»

ትርንጎ ዱላዋን በሁለት እጅዋ ይዛ ቆየች። ነፋሱ የማኪናይቱን ቆርቆሮ ያንቋቋው ነበር። ከዚያ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«እንግዲያ የቀረውንም ንገረኝ» አለች። «አምንሃለሁ።»